የመውጫ ወረቀት

ባለፈው ወር የትምህርት ማስረጃዬን ላወጣ ከቡታጅራ ወልቂጤ ሄጄ ነበር። ከተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ በር ስደርስ ቦርሳዬን ከትከሻዬ አወረድኩ፤ ዚፑን ራሴ ከፍቼ ወደ ሴቶች መፈተሻ ገባሁ። ይህን ልማድ ያስያዘችኝ መይሙና ናት። "የራስሽን ራስሽ ክፈቺ፤ እኔ የተቀጠርኩት ለማየት ነው" ትል ነበር። የጠበቀችኝ ግን እሷ ሳትሆን ማስቲካ የምታኝክ ወጣት ልጅ ናት።

"መይሙና የለችም?"

"የቷ መይሙና?"

ከውጭ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ጥበቃ ሰሙኝ። "መይሙናማ አኼራ ሄዳለች እኮ። አልሰማሽም? ሁለት ረመዳን አለፋት።"

ልጅቷ እየፈተሸችኝ ስለነበር እጆቼ ወደ ላይ እንደተነሱ ቀሩ። "ነፍስ ይማር" አልኩ። ወዲያው ደግሞ ለእስላም እንዲህ ይባል እንደሆነና እንዳልሆነ ግራ ገባኝ። ሽማግሌው "አሚን" አሉ። ይባላል ማለት ይሆናል፤ ወይም ደግሞ እንዳላፍር ብለው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በጸሎቴ መካከል ስሟን ላነሳ እፈልግና የት ቦታ እንደማነሳው ይጠፋኛል። የክርስትና ስም የላትም። የንስሐ አባቴን ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ "አይቻልም" ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ እስካሁን ሳልጠይቅ እያነሳኋት ነው። ልክ ሠርቼ ይሁን አጥፍቼ እግዜር ያውቃል።

መይሙና መምህሬ አልነበረችም፤ ዘመዴም አልነበረችም። ከጉንችሬ ወረድ ብሎ ካለ ገጠር መጥታ ወልቂጤ የከተመች፣ አርባዎቹን የተሻገረች፣ ቀጭን፣ ረጅም የበር ፈታሽ ነበረች። እስክሪብቶዋን ሻርፗ ውስጥ ከጆሮዋ በላይ ትሰካዋለች። ቦርሳ ልታይ ስትል ሁሌም "ቢስሚላህ" ትላለች፤ ከዚያ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ትደረድራለች፤ ስትመልሰው ደግሞ እኛ ካጠፍነው አሳምራ አጥፋ ነው። "እናትሽ ይህን ሹራብ እንዲህ ተጨማድዶ ብታየው ምን ትላለች?" ትላለች፣ መልስም አትጠብቅም። ፈገግታዋን አይቼ የማውቀው ጥቂት ጊዜ ነው። ጥሩ ሰው መሆኗን እንኳ እርግጠኛ የሆንኩት ዘግይቼ ነው፤ አሁንም ቢሆን አንድ ነገሯን ሳስብ እንደገና ይምታታብኛል።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ምደባዬ ወልቂጤ ሲወጣ ቤተሰባችን ውስጥ ወልቂጤን ያየ ሰው አልነበረም። የኛ አገር ጎጃም ነው፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ፤ አባቴ ቄስ ናቸው። እናቴ በሶና ድርቆሽ ቋጠረችልኝ፤ በሁለት ሊትር የላስቲክ ጠርሙስ ደግሞ ከደብራችን ጠበል ቀዳችልኝ። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አድሬ፣ በማግስቱ ከቀትር በኋላ ያን ሁሉ ተሸክሜ መይሙና ፊት ቆምኩ። ከኋላዬ አዲስ ገቢ ሴቶች ተሰልፈዋል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጠበል ነው።"

ክዳኑን አስከፍታ አሸተተችው። "ፈሳሽ አይገባም። ጠበል ነው እያሉ አረቄ ያስገቡ አሉ።"

"የእውነት ጠበል ነው። እናቴ ናት የቀዳችው።"

"እንግዲያው ጠጪልኝ። አንድ ጉንጭ ብቻ።"

ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። ጠዋት አክስቴ ቤት ቁርስ በልቻለሁ። ጠበል ደግሞ ምንም ሳይቀምሱ ነው የሚጠጣው።

"አሁን አልጠጣም" አልኩ።

"ለምን?"

"በልቻለሁ።"

መይሙና እስክሪብቶዋን ከሻርፗ አወጣችና መልሳ ሰካችው። "ስለበላሽ ውኃ አትጠጪም?"

"ውኃ እጠጣለሁ። ጠበል አልጠጣም።"

"ውኃ አይደለም እንዴ?"

"ነው። ግን... አይደለም።"

ሰልፉ ሳቀ። ከመካከል አንዷ "ኧረ ማዘር፣ አሳልፊያት በቃ፣ ፀሐይ ጨረሰን!" ብላ ጮኸች።

"አንቺ ዝም በይ። ተራሽ ሲደርስ ስንት ሽቶ እንደያዝሽ እናያለን።" ወደኔ ዞረች። "ታዲያ መቼ ነው የሚጠጣው?"

"ጠዋት። አፌን ሳላሟሽ።"

"ነገ አሥራ ሁለት ተኩል ሥራ እገባለሁ። ሳትበይ ትመጪና ፊቴ ትጠጫለሽ። እስከዚያ እዚህ ያድራል።"

"እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ" አልኩ፤ እንባዬ መጥቶ ነበር።

"አንቺ በይኝ። እርስዎ የሚባለው አለቃዬ ነው።"

ጠበሌን የት ታስቀምጠው ይሆን እያልኩ ስጨነቅ አደርኩ። እግር ሥር፣ ከተወረሰው ሽቶና ምላጭ ጋር የተጣለ መሰለኝ። በማግስቱ ስደርስ ጠርሙሱ በንጹሕ ነጭ ፌስታል ተቋጥሮ ከግድግዳው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። "መሬት አይቀመጥም አሉ" አለችኝ፣ እንደተቆጣ ሰው። "ክርስቲያን ጎረቤቴን በስልክ ጠይቄ ነው።" አማትቤ ጠጣሁ። እስክውጠው ድረስ ዓይኗን ከጉሮሮዬ አላነሳችም። ከዚያ ጠጋ ብላ ትንፋሼን አሸተተች፤ "እሺ፣ አስገቢው" አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜን ጠርታው አታውቅም፤ "ጠበሏ" ነበርኩ።

ስለነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ስጠየቅ ሰዎች የሚጠብቁት ናፍቆትን ነው። ናፍቆትማ ነበረ። ከናፍቆቱ የባሰው ግን ምንም ነገር ምን እንደሆነ አለማወቅ ነው። ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ካፌ ውስጥ የጾምና የፍስክ ሰልፍ የቱ እንደሆነ የሚነግር የለም፤ አንድ ረቡዕ የፍስኩን ሰልፍ ግማሽ ሰዓት ቆሜ ሳህኑ ላይ ሥጋ ሳይ ሳልበላ ወጣሁ። መምህራኑ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ ሁሉም ይጽፋል፤ እኔ ደግሞ የሚጽፉትን አይቼ እጽፋለሁ። የዶርሜ ልጆች የአዲስ አበባ ናቸው፤ ሲያወሩ ቃሉን ሰምቼ ነገሩን አልይዘውም። ሲስቁ እስቃለሁ፤ በምን እንደሳቅን ሳላውቅ እተኛለሁ።

ጠዋት ጠዋት ከግቢው ወጥቼ ኪዳን አደርሳለሁ። ስመለስ መይሙና ሥራ ጀምራ አገኛታለሁ። ትፈትሸኛለች፣ ከዚያ ትጠይቀኛለች።

"እና ትናንት ምን አስተማሩሽ?"

"ስለ ሴል።"

"ሴል ምንድን ነው?"

የገባኝን እነግራታለሁ፤ የገባኝ ትንሽ ነው። እሷ ግን በቁም ነገር ታዳምጣለች። አንድ ቀን "ስንት ዓመት እዚህ ሠርተሽ ክፍል ውስጥ ገብተሽ አታውቂም?" አልኳት። "እኔ የማውቀው በሩን ነው" አለች። "ከበሩ ወዲያ ያለውን እናንተ ናችሁ የምትነግሩኝ። ታዲያ አንዳችሁም ቀጥ አድርጋችሁ አትነግሩኝም።"

ሰኞና ሐሙስ ትጾማለች፤ እኔ ረቡዕና ዓርብ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዋ ላይ ፈታች። "ሰኞና ሐሙስ የኔ፣ ረቡዕና ዓርብ ያንቺ። ቅዳሜና እሑድ እኔ የለሁም። የቀረን ማክሰኞ ነው፤ ብዪ።" ቆጮ ከጎመንና ከአይብ ጋር ነበር። ቆጮ ቀምሼ አላውቅም። እጄ ወደኋላ ማለቱን አየች። ምክንያቱ ሌላ መስሏት፣ ወይም ምክንያቱ ከኔ በላይ ገብቷት፣ "ሥጋ የለበትም" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ጎመን ነው፣ አይብ ነው። የናንተን ነገር እናውቃለን፤ ከናንተው ጋር ነው ያደግነው።" በላሁ። ሽታው ለየት አለብኝ፤ ማኘኩም እንደ እንጀራ አይደለም። "እንዴት ነው?" ስትለኝ "እኔ እንጃ" አልኳት። "እኔ እንጃ ማለት ሁለተኛ ጉርሻ ይገባሻል ማለት ነው" አለችና አጎረሰችኝ። ያኔ ነው ስትስቅ ያየኋት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የክፍል ድልድል ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ሕዝቡ ይጋፋ ነበር። እኔ መጋፋት አልወድም። ሲቀልልኝ ጠጋ ብዬ ከላይ ማንበብ ጀመርኩ። ሦስተኛው ክፍል ላይ "ትዕግሥት አበበ" የሚል አየሁ። አማተብኩ፣ ወደ ሌላው ዝርዝር ሳልሄድ ወጣሁ። ስሜ ካለ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ከስሙ ጎን ቁጥር መኖሩን አይቻለሁ፤ ስመዘገብ ከተሰጠኝ ቁጥር ጋር ግን አላስተያየሁትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሦስተኛው ክፍል ተቀምጬ ተማርኩ። ስም ሲጠራ "አቤት" አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ፣ መምህሩ "ትዕግሥት አበበ" ሲል ሁለት ሰው "አቤት" አለ። ዞር ስል መስኮቱ አጠገብ አንዲት ልጅ ቆማለች። ታማ ዘግይታ የመጣች ናት። መምህሩ የሁለታችንንም ቁጥር ጠየቀ፤ የሷን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ የኔን አይቶ "ያንቺ ቁጥር እዚህ የለም" አለኝ። ሌላም ነገር ተናገረ፤ ሳቁ ስለበዛ አልሰማሁትም። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን "ምናልባት ሌላ ክፍል ነኝ" ይል ነበር። እኔ አላልኩም። ወደ አእምሮዬ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምደባው የዚያች ልጅ ነበር። እኔ ያለፍኩ መስሎኝ በሷ ስም መጥቻለሁ፤ በሷ አልጋ ተኝቻለሁ፤ የሷን ምግብ በልቻለሁ። መታወቂያ ገና አልተሠራልንም፤ ተማሪ መሆኔን የሚያሳይ በእጄ ምን አለ? እያሰብኩት ሄድኩ፣ ባሰብኩት ቁጥር እውነት ሆነብኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ካፌ አልገባሁም። የሰው ድርሻ ነው ብዬ በሶዬን በጥብጬ ጠጣሁ። ማታ አባቴ ጋ ደወልኩ።

"አባ፣ ቦታው የሌላ ልጅ ነው መሰለኝ።"

አባቴ በዚያ በረጋ ድምፃቸው "የሰው ከሆነማ መልሺ፣ ልጄ። ነዪ" አሉኝ። ከጀርባ እናቴ "ምን አለች? ምን አለች?" ስትል ይሰማኛል። ነገሩ በዚሁ አለቀ፤ ሁለታችንም ሳንጠይቅ ፈረድን።

ማክሰኞ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። መይሙና ሻንጣውን አየች፣ እኔን አየች።

"ወዴት ነው?"

"አገሬ።"

"በዓል ነው?"

"አይ።"

"ሰው ሞተባችሁ?"

"ኧረ እግዜር ይጠብቅ።"

"ወረቀት አለሽ?"

"የምን ወረቀት?"

"የመውጫ። ሻንጣ ያለ ወረቀት አይወጣም።"

"ልብሴ እኮ ነው መይሙናዬ። ስገባ አይተሽዋል፤ ራስሽ አጥፈሽልኛል።"

"ስትገቢ አይቻለሁ። ስትወጪ ደግሞ ወረቀት አያለሁ።" ጠረጴዛዋ ላይ ካለው የመውጫ መዝገብ ጀርባ አንድ ገጽ ቀደደች። እስክሪብቶዋን አውጥታ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች ጻፈች፦ ፕሮክተር፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሬጅስትራር። "በዚህ ቅደም ተከተል። የሦስቱንም ፊርማ ይዘሽ ትመጫለሽ። አንዱ ቢጎድል እመልስሻለሁ።"

ለምን እንደምሄድ አልጠየቀችኝም። ቢጠይቀኝ ሰው እነግር ነበር። ከእንሰት ቅጠሉ ላይ እየበላች ነበር፣ ማክሰኞ ነውና፤ አልጋበዘችኝምም። በጣም ከፋኝ።

ሁለት ቀን ዞርኩ። የዶርማችን ፕሮክተር ስብሰባ ላይ ናት ተባለ፤ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት። አልጋዬንና መቆለፊያዬን አይታ ፈረመች። ቤተ መጻሕፍቱን ፍለጋ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ሄድኩ፤ ሦስት ሳምንት ስቀመጥ የት እንዳለ አላውቅም ነበር። እዚያ ያለው ሰውዬ "መጽሐፍ ወስደሻል?" አለኝ። "አልወሰድኩም።" "አንድም?" "አንድም።" ፈረመልኝ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሬጅስትራር ደረስኩ። መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ቁጥሬን ኮምፒውተር ላይ ጻፉ።

"ትዕግሥት አበበ። ሰባተኛው ክፍል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀሪ ነሽ። ታመሽ ነው?"

"ሰባተኛው?"

"አዎ፣ ሰባተኛው።"

"እኔ ነኝ? ቁጥሩ የኔ ነው?"

ስክሪኑን ወደኔ አዞሩት። የተነሳሁት ፎቶ አለ፤ የአባቴና የአያቴ ስም አለ፤ የተወለድኩበት ወረዳ አለ። ከሥሩ ሌላኛዋ ትዕግሥት አበበ አለች፤ በአያት እንለያያለን። ሁለታችንም ነበርን። ማንም የማንንም ቦታ አልወሰደም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። አባቴን "እመጣለሁ" ብያለሁ፣ እናቴ ጎረቤት ጠርታ ይሆናል፣ ሁለት ሳምንት ቀርቻለሁ፣ ክፍል ውስጥ ተስቆብኛል። እውነቱን ልናገር ከተባለ፣ "ቦታው የሰው ነው" ያልኩት ነገር ከዚህ ግራ መጋባት የሚያወጣኝ በር ሆኖልኝ ነበር። አሁን በሩ ተዘጋ። ሴትዮዋ እስክሪብቶ እንዳነሱ "እና ልፈርም ወይስ ልተወው?" አሉኝ። አፌ "ይፈርሙልኝ" አለ።

ሌላ ነገር ልጨምር፣ ከዚህ ጋር የሚሄድ ስለሆነ። ሦስተኛ ዓመት ላይ አንዱን ወንድ ጥበቃ ስለ መውጫ ወረቀት ጠየቅሁት። "ለልብስ?" ብሎ ሳቀ። "ለኮምፒውተርና ለፍራሽ ነው እንጂ ለልብስማ ጠይቀን አናውቅም።" ቀጥ ብዬ ወደ መይሙና ሄድኩ። "ያን ጊዜ ለልብስ ሻንጣ ወረቀት ያስፈልግ ነበር?" "ላንቺ?" አለች። "ለማንም።" "ሕጉ ይቀያየራል" አለችና የሚቀጥለውን ቦርሳ ወደ ራሷ ሳበች። ቢስሚላህ ብላ የምትጀምር ሴት ትዋሻለች ብዬ ማመን ይከብደኛል። ዋሽታ ከሆነ ደግሞ የቆምኩት በዚያ ውሸት ላይ ነው፤ ዛሬ ቡታጅራ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሼ የምውለው ከዚያ የተነሳ ነው። ይህን ለንስሐ አባቴ እንዴት እንደምነግራቸውም አላውቅም፤ ኃጢአቱ የሷ ነው፣ ትርፉ የኔ።

የዚያን ሳምንት ሐሙስ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሻንጣዬንና ሦስቱን ፊርማ ይዤ ሄድኩ። መይሙና ጾም ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አድርጋ ፊርማዎቹን አንድ በአንድ አየች።

"ተሟልቷል" አለች። መዝገቡን ገልብጣ ወደኔ ገፋችው። "ሙዪ።"

ስሜን ጻፍኩ። ቁጥሬን ጻፍኩ፤ በዚህ ጊዜ ከሬጅስትራር ወረቀት ላይ እያስተያየሁ። የዶርም ቁጥር ጻፍኩ። የመጨረሻው ዓምድ "የሚወጣበት ምክንያት" ይላል። እስክሪብቶውን እዚያ ላይ አሳርፌ ቆምኩ።

"ምን ሆንሽ?"

"ምክንያቱ... ማክሰኞ ነበረኝ።"

"አሁንስ?"

"አሁን የለም። ጠፋ።"

ከኋላዬ ሦስት አራት ልጆች ተሰልፈዋል። አንዷ "የቤተሰብ ጉዳይ በዪና ውጪ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው" አለችኝ፤ ለመርዳት ብላ ነው።

"የቤተሰብ ጉዳይ ነው?" አለች መይሙና።

"አይደለም።"

"ካልሆነ አትጻፊ። ባዶም አይሆንም፤ አለቃዬ ይቆጣኛል።" ክርኔን ይዛ ወደ አግዳሚው መራችኝ። "ተቀመጪና አስቢ። አንቺ ነይ፣ ክፈቺ። ቢስሚላህ።"

ተቀመጥኩ። ከበሩ ውጭ የአዲስ አበባ ሚኒባስ ረዳት "የሞላ! አንድ ሰው!" እያለ ይጮኻል። አንድ ሰው ጎደለው፤ እኔ ልሆን እችል ነበር። የምጽፈውን ቃል ፈለግሁ። "አፈርኩ" ተብሎ አይጻፍም። "አልገባኝም" ተብሎም አይጻፍም፤ አልገባኝም የሚል ሰው የት ነው የሚሄደው? ትምህርት ቤት አይደል? መይሙና የተሰለፉትን ልጆች ፈትሻ ጨረሰች፤ አንድ ጊዜም ወደኔ አላየችም። ሚኒባሱ ሰው አግኝቶ ሄደ። ስልኬን አውጥቼ ሰዓት አየሁ። ለሦስት አምስት ጉዳይ ይላል። ሰባተኛው ክፍል ሦስት ሰዓት ላይ ባዮሎጂ እንዳለው ትናንት ከሬጅስትራር ስወጣ ሰሌዳው ላይ አንብቤያለሁ፤ ለምን እንዳነበብኩት አላውቅም።

ተነሳሁ።

"መይሙና፣ ክፍል አለኝ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"መዝገቡስ?"

እስክሪብቶዋን አወጣችና በጀመርኩት መስመር ላይ ማስመሪያ አስደግፋ፣ ቀስ ብላ፣ ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችው። "አልወጣሽም" አለች። "ሂጂ፤ ረፈደ።"

ሻንጣውን ዶርም ላደርስ ጊዜ አልነበረም። በትከሻዬ አንጠልጥዬው ወደ ሕንፃዎቹ መሮጥ ጀመርኩ። ድርቆሹ ውስጥ ውስጡን እየተንኳኳ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ሰባተኛው ክፍል በየት በኩል እንደሆነ ገና በደንብ ሳላውቅ። ከበሩ ወዲያ ያለው የአበባ አደባባይ ላይ ስደርስ ዞር ብዬ አየኋት። የሌላ ልጅ ቦርሳ ላይ ጎንበስ ብላ ነበር፤ ቀና አላለችም።